በስተርጅና ብሎግ ከፍቼ ከማኅበርተኛዬ ተቆራረጥኩ

«እንደምን ሰነበትሽ? በዕድሜ ልጄ ስለምትሆኚ አንቺ ልበልሽ፤ ቅር እንዳይልሽ።

ዕድሜዬ 66 ነው። 38 ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። መጀመሪያ ደሴ፣ በኋላ አዲስ አበባ። የዛሬ ልጆች ሲሰሙት ይስቃሉ እንጂ በእኛ ጊዜ ሌላ ከተማ ለመደወል ሰው ቴሌ ድረስ መጥቶ፣ ተመዝግቦ፣ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ተራ ይጠብቅ ነበር። እኔ መስመሩን ፈልጌ አገናኝና «አሰብ ተገኝቷል፣ ቁጥር ሦስት ይግቡ!» እላለሁ። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ደግሞ መሀል ገብቼ «ጨረሱ ወይስ ይቀጥላሉ?» እላለሁ። ስንቱን ለቅሶ አቋርጫለሁ መሰለሽ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ወሬው ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ። ባለፈው መስከረም የ15 ዓመት የልጅ ልጄ «እማማ፣ ይኼን ሁሉ ለእኔ ከምታወሪልኝ ለምን ብሎግ ላይ አትጽፊውም?» አለችኝ። አዝናልኝ ይሁን ሰልችቷት እስካሁን አልገባኝም። በአንድ ከሰዓት ከፈተችልኝ። አንድ ነገር በጠየቅኋት ቁጥር ግን የ50 ብር ካርድ ታስሞላኛለች።

ሦስት ጽሑፍ አወጣሁ። የመጀመሪያው ስለ ሥራዬ ነበር፤ 11 ሰው አነበበው። ከ11ዱ አራቱ እኔ ነኝ። ጠፍቶ እንደሆነ ለማየት እየከፈትኩ። ሁለተኛው ስለ ትልቋ ልጄ ነው፤ አምስት ዓመቷ ሳለ አሥር ሳንቲም ውጣ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፖፖ ስንጠብቅ የከረምነውን። 14 ሰው። ጣጣ ያመጣው ሦስተኛው ነው።

ደሴ ሳለሁ፣ በ1976 ይመስለኛል፣ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣች አሰብ የምትደውል ሴት ነበረች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሦስቱንም ደቂቃ እሱ ነው የሚያወራው፤ እሷ «እሺ» ብቻ ነው የምትለው። ስትወጣ ግን ፊቷ በርቶ ነው። ችግሩ ያው ሰውዬ ዓርብ ዓርብ ከአሰብ ሌላ የደሴ ቁጥር ያስጠራ ነበር። ከዚያኛዋም ጋር የሚያወራው ያንኑ ነው፤ አንዲት ቃል ሳይቀይር! ይህን ጻፍኩ። ስም አልጠራሁም። ሐሙስ መምጣቷንና ጥርሷ ፍንጭት መሆኑን ግን ጻፍኩ። 212 ሰው አነበበው። የልጅ ልጄ እንኳ ካርድ ሳትጠይቅ አቀፈችኝ።

በሳምንቱ የማርያም ማኅበራችን ላይ አንዷ ማኅበርተኛችን ቀረች። የደሴ ልጅ ናት። ፍንጭት ናት። ነፍሱን ይማረውና ባሏ አሰብ የሚመላለስ ሹፌር ነበር። በወሩም አልመጣችም። ስደውልላት አታነሳም። እኔ እሷ ናት ብዬ አልጻፍኩም። እሷ መሆኗንም አላውቅም። ያቺን ሴት በመስኮት ነበር የማያት፤ 42 ዓመት ሆነው እኮ።

ትልቋ ልጄ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ሌሊት ደውላ «እማዬ፣ በስተርጅና ምን ያቀብጥሻል? አዋረድሽን እኮ! አጥፊው!» አለችኝ። ወንዱ ልጄ ዝም ብሏል፤ የእሱ ዝምታ ከእሷ ጩኸት ይብሳል። ባለቤቴ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዛሬ ቡና የለም?»

ልተወው? ወይስ ልቀጥል? የምቀጥል ከሆነስ እንዴት ነው የሚጻፈው? ዓይኔም ጣቴም አልታዘዝ ብሎኛል።

«መስመር ላይ ነኝ» ከሽሮ ሜዳ»

ውድ እትዬ መስመር፣

ስምዎን ስላልነገሩኝ በዚሁ ልጥራዎት። እርስዎ አንቺ ይበሉኝ። እኔ ግን አንቱታውን አልተውም፤ ብተው እናቴ በህልሜ መጥታ ትቆነጥጠኛለች።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው። ፖፖው ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ ሳቅኩና አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ምንድነው? ምንድነው?» ብላ ዞረች። ዓርብ ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ። አንድን ሰው በአንድ ቁጭታ እንዲህ የሚያደርግ ሰው መጻፍ ይችላል። ስለዚህ ልብዎ እንዲያርፍ መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ። ብሎጉን አይተዉት። ሦስተኛውን ጽሑፍ ግን ዛሬውኑ ያንሱት።

ማንሳት ስል መሰረዝ ማለቴ አይደለም። የወጣን ጽሑፍ ወደ ረቂቅ መመለስ ይቻላል፤ ለእርስዎ ይታያል፣ ለሌላ ሰው አይታይም። የልጅ ልጅዎን «ወደ ድራፍት መልሺልኝ» ይበሏት፣ ታውቀዋለች። የ50 ብር ካርድ ያወጣል፤ ይክፈሉ። ደግሞ ልዋሽዎ አልፈልግም፤ ማንሳቱ የተነበበውን አያስረሳም። ከ212ቱ አንዱ ስክሪንሾት አድርጎ ለእህቱ ልኮት ይሆናል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? የጣትም ያው ነው። እኔ ራሴ በ46 ዓመቴ ነው ኢንተርኔት ላይ መጻፍ የጀመርኩት። የመጀመሪያ ጽሑፌን ለአንዲት ጓደኛዬ የላክሁ መስሎኝ ለዕድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁት። ርዕሱ «አማቴን እንዴት እንደቻልኳት» ነበር። አማቴ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ናት። ወዲያው አጠፋሁት፤ ግን 30 ሰው አይቶታል፣ አንዷ እሷ ናት። እስከ ዛሬ ቤቷ ስሄድ «ቻይኝ እንግዲህ» እያለች ነው የምታጎርሰኝ።

አሁን ወደ ሐሙሷ ሴት። «ስም አልጠራሁም» ብለዋል። እውነት ነው፣ አልጠሩም። ግን ሐሙስ፣ ደሴ፣ አሰብ፣ ሹፌር፣ ፍንጭት ብለዋል። ስም ቢጠሩ ይሻል ነበር እኮ! አልማዝ ቢሉ ደሴ ውስጥ ስንት አልማዝ አለ? ባሏ አሰብ የሚነዳ፣ ሐሙስ ሐሙስ የምትደውል ፍንጭት ግን ስንት ትኖራለች?

እሷ ባትሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ትቀየማለች፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ በጠበል ጠዲቁ ይታለፋል። እኔን ያስጨነቀኝ እሷ የሆነች እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ስለ ዓርቡ መጀመሪያ የሰማችው ከእርስዎ ብሎግ ነው ማለት ነው። ባሏ ሞቷል። ልትጠይቀው አትችልም፤ ልትጣላውም አትችልም። የቀራት ሐሙሷ ነበር፤ እሱኑ ወሰዱባት።

ይህን የምለው ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። በሥራ ላይ ሳሉ ይህን ታሪክ ለማን ነግረው ያውቃሉ? ለባለቤትዎስ? አልነገሩም መሰለኝ። 38 ዓመት የስንቱን ጉድ ይዘው ዝም ብለው ኖረዋል፤ የሥራው ክብርም እሱ ነበር። ታዲያ እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ምስጢሩ አብሮ ጡረታ ወጣ? እኔ አልወጣም ባይ ነኝ። እርስዎም በልብዎ እንደዚያ ነው የሚያስቡት፤ ባይሆን ኖሮ ላነበበልዎት 212 ሰው ይፎክሩ ነበር እንጂ ለእኔ ደብዳቤ አይጽፉም።

ስለዚህ ወደ ማኅበርተኛዎ ይሂዱ። አይደውሉ። ለስልክ ኦፕሬተር «አይደውሉ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ይገባኛል፤ ግን አታነሳም ብለዋል። በእግርዎ ይሂዱ። ብቻዎን። ሽማግሌ አይላኩ፤ ሽማግሌ ከገባበት ያላነበበውም ማንበብ ይጀምራል። እጅዎን ባዶ አያድርጉ፣ ቡናና ስኳር ይበቃል። ሲገቡ ብሎግ ምን እንደሆነ ለማስረዳት አይድከሙ። «ምናልባት አስቀይሜሽ እንደሆነ» አይበሉ፤ ያቺ «እንደሆነ» ይቅርታውን ሁሉ ትበላዋለች። «ቀረሽብኝና መጣሁ። መጻፍ የማይገባኝን ነገር ጻፍኩ። አንስቼዋለሁ» ይበሉና ዝም ይበሉ። «ያቺ ሴት እኔ ነኝ?» ካለችዎት እውነቱን ይንገሯት፤ አላውቅም ማለት ነው እውነቱ። «እኔ አይደለሁም» ካለችም አይከራከሯት። ደግሞ አደራ፣ ስታወራ ጥርሷን አይመልከቱ።

ምናልባት ደግሞ ጉልበቷን አሟት ተኝታ ይሆናል፤ ስልኳም ተበላሽቶ። ብሎግዎን ከነመኖሩ ላታውቀው ትችላለች። ያን ጊዜ በሽተኛ ጠይቀው ይመለሳሉ፤ ምንም አልከሰሩም።

አሁን ከሁሉ የሚያጓጓኝን ልጠይቅዎት። ስለ ሥራው ያለኝ እውቀት ትንሽ ነው፤ ሰሌዳው ላይ መብራቷ ብልጭ ስትል ገመዱን ሰክተው ያገናኛሉ፣ ካገናኙ በኋላ ግን ማዳመጫውን ዘግተው ወደ ሌላ መስመር ማለፍ ይቻላል። አይደል? ሌላ ቀን ይዘጉት ነበር ብዬ ልገምት። ሐሙስ ለምን አልዘጉትም? ያን ጊዜ 24 ዓመትዎ ነው። ያ ሰውዬ «እንዴት ነሽ የእኔ ዓለም» ሲል ምን እየጠበቁ ነበር? ለእርስዎስ የሚደውል ሰው ነበር? ዓርብ ያው ድምፅ ለሌላዋ ያንኑ ሲል ሲሰሙ የተናደዱት ለእሷ ብቻ ነው?

ያልጻፉት ጽሑፍ ይህ ነው፣ እትዬ መስመር። ማዳመጫዋን ሳትዘጋ የቀረችው ልጅ ታሪክ። ፍንጭት አያስፈልገውም፣ አሰብ አያስፈልገውም። ባልና ሚስቱ መስመሩ ላይ ያሉ ሁለት ድምፆች ብቻ ይሁኑ። ፈቃድ የምትጠየቀው ባለታሪክ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ትፈቅዳለች?

ወደ ልጅዎ ልለፍ። «አዋረድሽን» ያለችዎት ስለ ሐሙሷ ሴት ብለው ነው የወሰዱት። እኔ እንጃ። ሁለተኛውን ጽሑፍ በአንድ አፍታ አልፈውታል፤ 14 ሰው ነው ያነበበው ብለው ንቀውታል። ከ14ቱ አንዷ ግን ባለ አሥር ሳንቲሟ ናት። ሌላኛዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የምታስቀድስ ጓደኛዋ ብትሆንስ? ልጅዎ እዚያ አገር ትልቅ ሰው ናት፤ ሰው ያከብራታል፣ ቤተሰብ ታስተዳድራለች። አንድ እሑድ ጠዋት ሰዎች ሲያዩዋት ፈገግ እያሉ፣ ምክንያቱን ስትፈልገው ፖፖ ሆኖ ሲገኝ ምን ይሰማት ነበር? ይደውሉላትና «የትኛው ነው ያሳፈረሽ?» ብለው ይጠይቋት። ከዚያ ያዳምጡ፤ ማዳመጥ እንኳ ሙያዎ ነው። አሥር ሳንቲሙ ከሆነ እሱንም ወደ ረቂቅ ይመልሱት፤ በሕይወት ያለ ሰው የዋጠው ሳንቲም በባለቤቱ ፈቃድ ነው የሚጻፈው። ማን ያውቃል፣ ከሦስት ወር በኋላ ራሷ «አውጪው፣ ግን ስድስት ዓመቴ ነበር በይ» ትልዎት ይሆናል።

«በስተርጅና» ለሚለው ግን እኔ ልከራከርልዎ። እስፔን ውስጥ፣ ሙሺያ በምትባል የጋሊሲያ የባሕር ዳርቻ ከተማ የተወለዱ ማሪያ አሜሊያ ሎፔዝ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2006፣ 95 ዓመት ሲሞላቸው የልጅ ልጃቸው ለልደታቸው ብሎግ ከፈተላቸው። የመጀመሪያ ጽሑፋቸው ላይ ምን አሉ መሰለዎት? የልጅ ልጄ ቆንቋና ስለሆነ የሰጠኝ ስጦታ ብሎግ ነው ብለው ቀለዱበት። ገጻቸው ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጎበኘ። በ2009 በ97 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ሲያወጉ ነበር። የእርስዎ ልጅ ልጅ ቢያንስ ካርድ ትቀበላለች እንጂ ስጦታ ነው አላለችዎትም። ከእኚህ ሴትዮ ጋር ሲተያዩ እርስዎ ገና 29 ዓመት ይቀርዎታል።

ዘገየሁ የሚሉትም ነገር አይዋጥልኝ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። «ብሎግ» የምትለው ቃልም የዚያው ዓመት ልጅ ናት። ያን ጊዜ እርስዎ የ40 ዓመት ሴት ነበሩ። የዘገየው ፊደሉ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ለነገሩ ስልክ ራሱ በምኒልክ ዘመን ሲገባ የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ ነበር ይባላል፤ ይህን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ልጅዎ ዛሬ የጮኸችብዎት በዚያው የሰይጣን ሥራ ነው።

እንዴት ይጻፋል ላሉት፣ እንደ ሥራዎ ይጻፉት። ብሎግን በአማርኛ ጦማር የሚሉት አሉ፤ በግዕዝ ደብዳቤ ማለት ነው። ደብዳቤ ደግሞ ለአንድ ሰው ነው የሚጻፈው። ለሕዝብ አይጻፉ፤ ሕዝብ ስልክ አያነሳም። አንድ ሰው ይምረጡ፤ የድሮ ባልደረባዎ ብትሆን፣ በሕይወት የሌለች እህትዎ ብትሆን። እሷን ያገናኙና ያውሩ። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ይሁን። ጮክ ብለው ያንብቡት፤ አገር ውስጥ ሰዓት ሳያይ ሦስት ደቂቃን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እርስዎ ነዎት። ሲሞላ «ጨረሱ ወይስ ይቀጥላሉ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ካልጨረሱ የቀረው ለሚቀጥለው ሳምንት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በቂ ነው። ቀኑን እርስዎ ይምረጡ፤ ሐሙስ ግን አይሁን።

ለዓይንዎ ስልኩ ላይ የፊደሉን መጠን ማሳደጊያ አለ፤ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የሚቀር ነገር ነው፣ ይህንን እንኳ ልጅቷ በነጻ ትሥራ። ለጣትዎ ደግሞ በድምፅ መጻፍ ይሞክሩ። የጉግል ኪቦርድ ላይ የማይክሮፎን ምልክት አለች፤ ነክተው ሲያወሩ በአማርኛ ይጽፋል። አንዲት አክስቴ በዚህ ነው የምትጽፈው። አንድ ጊዜ ያወጣችው እንዲህ ይላል፦ «በልጅነታችን ጥምቀት ሲደርስ ማነው ግባ ውሻው ታስሯል ኧረ በሩን ዝጋው ጃንሜዳ እንሄድ ነበር»። ከጽሑፎቿ ሁሉ የተወደደው እሱ ነው። እርስዎ ግን በር ዘግተው ያውሩ፣ ከዚያም ሳያወጡት በፊት ያንብቡት። ማታ የጻፉትን ማታ አያውጡት። ደብተር ላይ መጻፍ ከቀለለዎትም ደብተር ላይ ይጻፉና ለማይክሮፎኑ ያንብቡለት። ደብተር መብራት ሲሄድ አይጠፋ፣ ጥቅል አይፈጅ።

አስተያየት ሰጪዎች ይመጣሉ። አንዳንዱ የሚመጣው ሊያርም ነው። ሰ እና ሠን ቦታ ቦታቸው ለማስያዝ የተፈጠረ ሰው አለ። አይቆጡት፤ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ ያነበበልዎት እሱ ብቻ ነው። የሚሳደብ ካለ ግን መልስ አይስጡ። ብሎክ የሚባል ነገር አለ፤ ገመዱን መንቀል ማለት ነው፣ እጅዎ ያውቀዋል። «ገጽዎ ሊዘጋ ነው፣ በስልክዎ የደረሰዎትን ቁጥር ይላኩልን» የሚል መልእክት የመጣ እንደሆነ ደግሞ ፈጽሞ እንዳይልኩ። ያ ቁጥር የቤትዎ ቁልፍ ነው። የወለዱት ልጅዎ ስም ቢጻፍበትም ደውለው ድምፁን ሳይሰሙ አይስጡ። የደዋዩን ማንነት ሳይጠይቁ መስመር አገናኝተው ያውቃሉ?

የአንባቢ ቁጥር ነገር... 212 ጣፋጭ ናት፣ አውቃለሁ። እሷን ካዩ በኋላ 14 ባዶ ቤት ይመስላል። ሐሜት ምን ጊዜም ብዙ ጆሮ አለው፤ ይህንንም ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ቀጣዩ ጽሑፍዎ ምናልባት 19 ሰው ያገኝ ይሆናል። ከ19ኙ አራቱ እርስዎ ይሆናሉ። የራስን ጉብኝት እንዳይቆጥር ማድረጊያ አለ፤ እኔ ግን ለጊዜው አይንኩት እላለሁ። አራት ሰው አራት ሰው ነው።

ወንዱ ልጅዎ ዝም ማለቱ አስከፍቶዎታል። ከመፍረድዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ፤ አንብቦታል? ብዙ ወንድ ልጅ እናቱ የጻፈችውን ዝም የሚለው ስላልከፈተው ነው። ከፍቶት ከሆነም ምናልባት የእሱን የልጅነት ጉድ መቼ ያወጡት ይሆን ብሎ ተራውን እየጠበቀ ይሆናል።

እንግዲህ መጀመሪያ ማኅበርተኛዎ ጋ፣ ከዚያ ስልክ ለልጅዎ፣ ከዚያ ደብተር። የመጀመሪያዋን ሌሊት ፈረቃ ይጻፉልኝ፤ ማዳመጫው ጆሮ ያሳምም እንደነበር፣ ሌሊት ምን ይበሉ እንደነበር፣ «መስመር የለም» ሲሏቸው ሰዎች ምን ይሉ እንደነበር። ሲወጣ ሊንኩን ይላኩልኝ፣ 20ኛዋ አንባቢ እኔ ልሁን። በሚጽፉበት ሰዓት ቡናውን ባለቤትዎ ያፍሉ። ጀበናው የት እንዳለ አላውቅም ካሉ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ደውለው ያስረዷቸው፤ ሦስት ደቂቃ ይበቃቸዋል።